አስፈሪ መጽሐፍ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት፦ ጎቲክ ታሪክን እንዴት መመዘንና አብሮ ማንበብ ይቻላል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ውስጥ ከ8 እስከ 15 ዓመት ከሆኑ ልጆች ጋር መጽሐፍ አነባለሁ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች በር ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። «ይሄ መናፍስት ያለበት መጽሐፍ ለልጄ ይሆናል?» አንዷ እናት ሽፋኑን ታሳየኛለች፤ አንዱ አባት ከልጁ ስልክ ላይ ያገኘውን ፒዲኤፍ። በር ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ እኔ የምሠራበትን መንገድ በቅደም ተከተል ጻፍኩላችሁ። አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ለመመዘን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። አስፈሪ ልብ ወለድ ሁሉ ጎቲክ አይደለም። ጎቲክ ፍርሃቱን የሚያመጣው ከቤትና ከምስጢር ነው። ያረጀ ትልቅ ቤት፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ሌሊትና ጉም፣ ከሣጥን የተገኘ የድሮ ደብዳቤ፣ ለልጅ ልጅ የተረፈ የአያት በደል፣ ሞተ ተብሎ የተመለሰ ሰው። ደም ጨርሶ ላይኖረው ይችላል። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት፣ የሰው ኮቴ እየሰማችሁ ሰውየውን የማታዩበት ጊዜ አለ አይደል? ጎቲክ የሚጫወተው በዚያ ስሜት ነው።

ሦስት ነገሮችን ለይታችሁ ያዙ፤ ከዚህ በታች ደጋግሜ እጠቅሳቸዋለሁ። ሥጋት ማለት በሩ ገና ሳይከፈት ነው። ድንጋጤ ማለት በሩ ድንገት ሲበረገድ ነው። ዘግናኝ የምለው ደግሞ በሩ ተከፍቶ ከውስጥ ያለው ሬሳ በዝርዝር ሲታይ ነው። ጥሩ የልጆች ጎቲክ በብዛት የሚሠራው በሥጋት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- መጽሐፉ ራሱ። ሰው ስለ መጽሐፉ የነገራችሁ ወሬ አይተካውም።
- ቀይና ሰማያዊ እርሳስ። መጽሐፉ የተውሶ ከሆነ ትንንሽ ቁራጭ ወረቀቶች።
- አንድ ደብተር።
- ማረፊያ መጽሐፍ። አጭር፣ የሚያስቅ፣ ልጁ ከዚህ በፊት አንብቦ የወደደው ይሁን።
- የእጅ ባትሪ። ለምን እንደሆነ 5ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ከመጽሐፉ በፊት ልጁን እወቁ

ልጁን «ምን ያስፈራሃል?» ብላችሁ በቀን፣ በሰላም ጊዜ ጠይቁት። የሚነግራችሁን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ይህ ደረጃ የሚቀድመው አንድ መጽሐፍ ሁለት ልጆችን እኩል ስለማያስፈራ ነው። በመንፈስ ታሪክ የሚስቅ የ10 ዓመት ልጅ፣ ታሪኩ ውስጥ እናትየው ጥላ ከሄደች እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል።

ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። መነሻ እንዲሆናችሁ ግን እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው። እስከ 7 ዓመት ድረስ የጎቲክ መጽሐፍ አልሰጥም፤ በዚያ ዕድሜ የተፈጠረውና እውነተኛው ነገር ገና ይደባለቅባቸዋል። ጅቡ የሚታለልበት ተረት ይበቃቸዋል። ከ8 እስከ 10፣ ዋናው ሰው ልጅ የሆነበት፣ አጭር፣ በደህና የሚያልቅና አብራችሁ የምታነቡት ይሁን። ከ11 እስከ 13፣ መጨረሻው ቢያሳዝንም ይችሉታል፤ ሞት ካለ ግን ከመድረክ ኋላ ይሁን። ከ14 በላይ፣ አብሮ የሚያወራ ሰው ካለ የቆዩትን ትልልቅ ልብ ወለዶች መሞከር ይቻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ወሎ ላይ ሆኜ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤቱን ጥሎ የሸሸ፣ ወይም በር ሲደበደብ የሰማ ልጅ ቤታችሁ ሊኖር ይችላል። በሌሊት የሚንኳኳ በር፣ ባዶ የቀረ ቤት፣ የጠፋ አባት፣ እነዚህ የጎቲክ የዘወትር ዕቃዎች ናቸው። ለዚያ ልጅ ግን ጨዋታ አይደሉም። እነዚህ ያሉበትን መጽሐፍ እናንተ አታቅርቡለት። ራሱ መርጦ ካመጣው አብራችሁት ተቀመጡ። መሃል ላይ የራሱን ታሪክ መናገር ከጀመረ መጽሐፉን ዝጉና ስሙት።

2. መጨረሻውን በመጀመሪያ አንብቡ

የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ከመሃል አንድ ምዕራፍ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብቡ። ከመጨረሻው ጀምሩ። ጎቲክ ምስጢሩን ይዞ የሚቆየው እስከ መጨረሻው ስለሆነ፣ የፊቱን ብቻ ያነበበ ወላጅ ልጁ የት እንደሚደርስ አያውቅም።

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። ፍራንከንስታይንን ብዙ ልጅ የሚያውቀው ከካርቱን ነው፤ አረንጓዴ፣ ግዙፍ፣ የሚያስቅ። በ1818 እ.ኤ.አ. የታተመው ልብ ወለድ ግን ሌላ ነው። ፍራንከንስታይን የሚባለው ሰው ሠርቶ የጣለው ፍጡር የሠሪውን ታናሽ ወንድም፣ ትንሽ ልጅ፣ ይገድላል። ከዚያ ቤተሰብ በደህና የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። የ8 ዓመት ልጅ እጅ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ለ15 ዓመት ልጅ ግን ሰው ለሠራው ነገር ያለበትን ኃላፊነት ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም።

ኮራላይን ደግሞ በተቃራኒው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ለልጆች የወጣ መጽሐፍ ነው። በዓይኖቿ ቦታ ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ያላት «ሌላ እናት» አለች። ወላጆች እሷን ሲያዩ ወዲያው መጽሐፉን ይመልሱልኛል። ልጅቷ ኮራላይን ግን ራሷ ብልሃት ፈልጋ ወላጆቿን ታስመልጣለች፣ ወደ ቤቷም ትመለሳለች። ሽፋኑን ወይም ስሙን ይዛችሁ ብትፈርዱ ሁለቱንም ትስታላችሁ።

3. በሁለት ቀለም ምልክት አድርጉ

ስታነቡ የጎቲክ ዕቃ ባገኛችሁ ቁጥር በሰማያዊ አስምሩ፦ ቦታው፣ ጉሙና ሌሊቱ፣ ምስጢሩ፣ አስጨናቂው ሰው፣ የተመለሰው ነገር። ዘግናኝ ዝርዝር ባገኛችሁ ቁጥር በቀይ። ሲያልቅ ገጹን አገላብጡ። ሰማያዊው በዝቶ ቀዩ ካነሰ መጽሐፉ በሥጋት የሚሠራ ነው። ቀዩ ከበዛ ለትልልቆች አቆዩት። ምልክቱ የሚጠቅመው «ያስፈራል» የሚለውን አንድ ጥቅል ቃል ስለሚበታትንላችሁ ነው። ያስፈራል፤ ግን በምን?

መጽሐፍ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት በምታውቁት ታሪክ ተለማመዱ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ስላለው የሐይቅ ውሃ የሚነገረውን አፈ ታሪክ ውሰዱ። አንዲት ልዕልት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ሠራች። እግዚአብሔር ተቆጣ። ሴትዮዋ ከተቀመጠችባት መሬት በስተቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ። ልዕልቲቱ ከወዳጅ ዘመዶቿ ጋር ሰጠመች።

እስቲ ምልክት እናድርግበት። ቦታው፦ ውሃ፣ ከሥሩ የሰጠመ አገር። ሰማያዊ። አስጨናቂዋ፦ ልዕልቲቱ። ሰማያዊ። በደሉ ተመልሶ በዳዩን ሲይዝ፦ ሰማያዊ። ሬሳ፣ ደም፣ ስቃይ በዝርዝር፦ የለም። ስለዚህ ቀይ የለውም። የተበደለችው ደግሞ ተርፋለች። ለ8 ዓመት ልጅ ይሆናል ማለት ነው።

ግን አላለቀም። ይህን ስነግር አንዲት የ9 ዓመት ልጅ «የልዕልቷ ዘመዶች ምን አጠፉ?» አለችኝ። አያችሁ፣ የጎቲክ ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው። ሌላ ሰው የሠራው በደል ለምን ለኔ ይተርፋል? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚነሳበትን ገጽ ደብተራችሁ ላይ ጻፉና ምን እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ አስቡ። «አላውቅም፣ አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ማለትም መልስ ነው። «ዝም ብለሽ ስሚ» ግን አይደለም።

4. አራት ጥያቄ ጠይቁ

ሀ. መውጫ አለው ወይ? ላሊበላ የሄዳችሁ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ባለበት በኩል ያለውን ጨለማ ዋሻ ታስታውሱታላችሁ። ባትሪ ሳይበራ፣ እጅ ግድግዳው ላይ ተደርጎ ይታለፋል። ልጆችም ያልፉታል። የሚያልፉት ጨለማው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከፊት የሚያውቁት ሰው አለ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ብርሃን እንዳለ ተነግሯቸዋል። መጽሐፉም እንደዚያ መሆን አለበት። ታሪኩ ልጁን ጨለማ ውስጥ ትቶ የሚያልቅ ከሆነ ከ13 ዓመት በታች አትስጡ።

ለ. በታሪኩ ውስጥ ልጁ ብቻውን ነው ወይ? ጓደኛ፣ አያት፣ ድመትም ቢሆን ከጎኑ ያለ ነገር ፍርሃቱን ያቀለዋል።

ሐ. ጣቱን ማን ላይ ይቀስራል? ይህን በጣም አጥብቄ የምለው ነው። የታሪኩ ክፉ ጭራቅ ወይም መንፈስ ከሆነ ልጁ ነገ መንገድ ላይ አያገኘውም። ሌሊት ጅብ የሚሆነው ብረት ቀጥቃጩ ከሆነ፣ ወይም ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ከሆነች ግን፣ ልጁ ነገ ገበያ ላይ እውነተኛ ሰው ያገኛል። ከዚያ ሰው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይማር ይሆናል። ፍርሃቱ መጽሐፉን ዘግታችሁትም አይዘጋም፤ የሚጎዳው ደግሞ ያ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ለየትኛውም ዕድሜ አላነብም። የአካል ጉዳትን ወይም የአእምሮ ሕመምን የክፋት ምልክት የሚያደርጉትንም በዚሁ ጥያቄ መዝኗቸው። ለትልልቆቹ ከሰጣችሁም «ደራሲው ይህን ሰው ለምን ጠባሳ ሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መ. የቤታችሁን እምነት ይነካል ወይ? ብዙ ቤት ውስጥ ሰይጣን ወይም ጅኒ የተረት ነገር አይደለም። «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጁ ከእናንተና ከሌላው ቤተሰቡ አንዱን እንዲመርጥ ታስገድዱታላችሁ። «ይህ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ደራሲው ፈጥሮታል» በሉት። እውነትም ነው፣ ማንንም አይነካም። ለሌላ ሰው ልጅ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ወላጁን አስፈቅዱ። የኔ ቡድን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ጠይቄ «አይሆንም» የተባልኩባቸውን መጻሕፍት በሌላ ተክቻለሁ፣ ምንም አልጎደለብንም።

5. በቀን፣ አብራችሁ፣ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ

እኔ የምመርጠው የቡናን ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ፍም አለ፣ የታወቀ ሽታ አለ። ከአቦል ጀምራችሁ በረካ ላይ አቁሙ። ከመኝታ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቅር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ከሆነና እየተረጎማችሁ የምታነቡ ከሆነ፣ ከባዱን ቦታ ቀድማችሁ ተለማመዱት። መሃል ላይ ቃል ስትፈልጉ ዝም ካላችሁ፣ ዝምታው ራሱ ያስፈራል።

ዋናው ነገር የምታቆሙበት ቦታ ነው። በር ሊከፈት ሲል አታቁሙ። በሩ ተከፍቶ፣ ያለው ታይቶ፣ ልጁ እፎይ ካለ በኋላ አቁሙ።

ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። አንድ ክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ የምድር ቤቱን በር ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ መብራት ጠፋ። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል፣ ክፍሉ ጨለመ። ባትሪ አልያዝኩም ነበር። «የቀረውን በሚቀጥለው ቅዳሜ» ብዬ በተንኳቸው። በሳምንቱ የአንዲት ልጅ እናት መጣች። ልጇ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ወዳለው ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም ብላ ነበር። ከበሩ ኋላ የነበረው ድመት ነው። ያቺ ልጅ ግን ለ7 ቀን ከበሩ ኋላ ሌላ ነገር ስታስቀምጥ ከረመች። ያልታየን ነገር ሐሳብ ከደራሲው በላይ ያገዝፈዋል። ባትሪውን የምላችሁ ለዚህ ነው። የግድ ማቋረጥ ካለባችሁ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን በአፋችሁ ንገሯቸው። ታሪኩ ይበላሻል፤ ይበላሽ።

6. ፍርሃቱ እንዴት እንደተሠራ አሳዩ

በጣም የምወደው ደረጃ ይህ ነው። አስፈሪውን ገጽ መልሳችሁ አንብቡና ልጁን ሦስት ነገር ጠይቁት። ደራሲው ምን ደበቀን? የትኛውን ድምፅ አሰማን? ዓረፍተ ነገሮቹ የት ላይ አጠሩ? ልጁ መልሱን ሲያገኝ ከፈሪነት ወደ ባለሙያነት ይሸጋገራል። ጉሙ በራሱ የመጣ ሳይሆን አንድ ሰው አስቦ ያስቀመጠው መሆኑን ያያል።

ከዚያ ቤቱን ነቅላችሁ ባቲ ሰኞ ገበያ መሃል ትከሉት። ቀትር ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ግመል ያጉረመርማል፣ ሰው በዋጋ ይከራከራል። አሁን በሩ ይከፈትና መንፈሱ ይውጣ። ምን ያደርጋል? ልጁ ይጻፈው። አንድ ልጅ መንፈሱ ፀሐዩ አልቻለውም ብሎ ግመል ሆድ ሥር ጥላ ፍለጋ አስገባው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

በዚህ አታብቁ። አሁን ወደ ኋላ ሂዱ። በመጀመሪያ ሰዎቹን አስወጡ። ከዚያ ፀሐዩን አጥልቁ። ከዚያ ድምፁን ቀንሱ። ከዚያ ጉም አስገቡ። በእያንዳንዱ ላይ «አሁን ያስፈራል?» በሉ። ፍርሃቱ የት ላይ እንደተመለሰ ልጁ ራሱ ይነግራችኋል። ብዙ ልጆች ሰዎቹ የወጡበት ላይ ነው የሚሉኝ።

7. ሦስት ሌሊት ተከታተሉ

ማታ ሽንት ቤት ሲሄድ ሰው ይፈልጋል? መብራት አታጥፉ ይላል? ከእንቅልፉ ይባንናል? ቀን ላይስ ታሪኩን እየደጋገመ ይጠይቃል ወይስ ጨርሶ ማንሳት አይፈልግም? ለአንድ ሁለት ሌሊት ቢሆን አብሽሩ፣ ያልፋል። «አይዞህ» በሉት፣ አብራችሁት ሂዱ፣ ማረፊያ መጽሐፉን አውጡ። የሚያውቀው ታሪክ የሚያረጋጋው መጨረሻውን ስለሚያውቀው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ምግብና ትምህርት ካስተወው፣ ነገሩ ከመጽሐፉ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጤና ባለሙያ ያናግረው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

«ጭራቅ መጣብህ» ብሎ ማስፈራራት። ቀን ለማስተኛት የተጠቀማችሁበትን ጭራቅ ማታ «ውሸት ነው» ብትሉት ልጁ የትኛውን ይመን? አስፈሪ መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት ውስጥ ይህ ነገር መቅረት አለበት።

ፍርሃቱን ማጣጣል። «አንተ ትልቅ ልጅ አይደለህ!» የተባለ ልጅ መፍራቱን አይተውም፤ መናገሩን ይተዋል።

ፊልሙን አይቶ መጽሐፉን መገመት። መጽሐፉ ላይ ጭራቁን ልጁ በአቅሙ ልክ ይሥለዋል። ፊልሙ ላይ ሌላ ሰው የሣለውን በድምፅና በድንጋጤ ይቀበላል። ለየብቻ መዝኗቸው።

የታላቅን መጽሐፍ ለታናሽ ማውረስ። ልብስ ይወረሳል፤ አስፈሪ መጽሐፍ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ እንደገና ይመዘናል።

ሁሉንም መከልከል። የተከለከለው ልጅ ከቴሌግራም አውርዶ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ሌሊት፣ ብቻውን ያነበዋል። ወይም ዩቲዩብ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ያደምጠዋል። እስካሁን የከለከልናቸው ሁኔታዎች በሙሉ አንድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ያልሆነውን መጽሐፍ መደበቅ። መዝናችሁ «ገና ነው» ካላችሁ አልጋ ሥር አትወሽቁት። ቁራጭ ወረቀት ላይ «13 ዓመት ሲሞላህ» ብላችሁ ጻፉና ሽፋኑ ውስጥ አስገቡ። ልጁ እያየ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት። ቀኑ ሲደርስ ከ1ኛው ደረጃ ጀምሩ፤ ልጁም ተለውጧል።